ከምሰሶ እስከ ምሰሶ

ጫማው ቅናሽ ነበር፣ ገዛሁት ባለፈው፤
ሁለት ወር ቁም ሣጥን ውስጥ ነው ያሳለፈው።
ዛሬ ግን አወጣሁት፣ ገና ሳይነጋ፣
ሚያዝያ ነው ቢሉም ብርዱ ሲዋጋ።
ከባሕር የሚመጣው የዮተቦሪ ነፋስ
በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፣ እንደ ተቆጣ ዋስ።

ሰማያዊዋን ፓፍ ሁለት ጊዜ ስቤ፣
ሩብ ሰዓት ቆየሁ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ።
ጉንቮር ናት ያለችኝ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፦
«ቀድመሽ ውሰጂና ጀምሪ ቀስ በይ፣ ቀስ።»
በቱቦ አስነፍታኝ፣ ጠቋሚውን አየችና፣
«ሦስት መቶ አስር» አለች፤ «ይሻሻላል ገና።»

ትራም ነጂ ነኝ እኔ፣ ቁጭ ብዬ የምውል፤
ሌናርት ይህን ሰማና ደስ አለው መሰል፤
«እናንተማ» አለኝ፣ «ከልጅነት ጀምሮ
ሯጮች ናችሁ!» ሳቅሁ፤
ሳቄ ወጣ በሳል ተቀይሮ።

እንዴት አድርጌ ልንገረው? ደሴ፣ ስምንተኛ ክፍል፣
ሌላው ዙሩን ሲሮጥ፣ አቧራው ሲከፈል፣
እኔ ከዛፍ ሥር ሆኜ ልብስ ጠባቂ ነበርኩ፤
ሠላሳ ሁለት ሹራብ አጣጥፌ ቆጠርኩ።
ከዚያ በፊት ግን እኔም እሮጥ ነበረ፤
አንድ ቀን ደረቴ ከውስጥ ተቀረቀረ።
መምህር ይታገሱ ፊሽካቸውን ነፍተው
«አንቺ ቁጭ በይ» አሉ፣ ከልባቸው ራርተው።
ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ፤ ሃያ ስምንት ዓመት፤
እንጀራዬም ሆነ ቁጭ የሚባልበት።

ለምን ጀመርሽ ካላችሁ፣ ሊፍቱ ተበላሽቶ፣
እስከ አራተኛው ፎቅ ደረጃው ተዘርግቶ፣
ልጄ ናርዶስ ሸቀጡን ተሸክማ ስትወጣ፣
እኔ ሁለተኛው ላይ ቀረሁ ትንፋሽ ሳጣ።
«እማ፣ ቁጭ በይ» አለችኝ፤ እሷም በመራራት።
በማግስቱ ጫማ ገዛሁ፤ ያን ቃል ለመርታት።

ስሎትስኮገን ፓርክ፣ የኩሬው ዳርቻ፤
አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ከዚያ እርምጃ ብቻ።
ሰዓት አላየሁም፤ መብራት ነው መለኪያዬ፣
ከምሰሶ ምሰሶ፣ ልክ እንደ ፌርማታዬ፤
እዚህ ላይ ይነሣል፣ እዚያ ላይ ይቆማል፤
በሩ ይከፈታል፣ ትንፋሽ ይሳፈራል።
በሦስተኛው ላይ ግን አንዲት ባልቴት ከነውሻዋ
ቀደመችኝ፤ በእግሯ ሳይሆን በከዘራዋ።

ነጭ ልጣጭ ዛፎች ብናኝ ለቀውብኝ፣
ያቺ የድሮ ፉጨት ደረቴ ውስጥ ተነሣችብኝ።
ያቺን ፉጨት አውቃታለሁ፤ የመምህሩ ፊሽካ ነች፤
ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ «ቁጭ በይ» ትለኛለች።

ቆምኩ።
አግዳሚ ወንበር ነበር፤ አልተቀመጥኩ።
እጄ ከጉልበቴ፣ ዓይኔ ከመሬቱ፤
ማስገባት አይደለም፣ ጥበቡ ማውጣቱ።
ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄድ የለ?
እግር ያወጣ እንቁላል ማነው ሮጠ ያለ?
ፉጨቷ ቀነሰች። ሰማዩ ነጣ አለ።

ነፍስና ነፋስን ያጣላቸው ማነው?
ልዩነታቸው እኮ አንድ ፊደል ነው፤
«ፍ» አፏን ከፍታ «ፋ» ያለች እንደሁ፣
ነፍስ ነፋስ ሆነች፤
ይኸው፣ ተነፈስሁ።

አራተኛው ምሰሶ። አምስተኛው። ስድስት።
ሰባተኛውን ለሐሙስ ተውኩት፣ እያበራ በርቀት።

ከበሬ ላይ ሆኜ ለእህቴ ደወልኩላት፤
«ብዙወርቅ፣ ሩጫዬን ጨረስኩ» አልኳት።
ዝም አለች።
ይህ ቃል እኛ ዘንድ ለማን እንደሚባል ታውቃለች።
«በስመ አብ! ምን ሟርት ነው? የት ነሽ? ታመሻል አንቺ?»
እንባዋ ሊመጣ ነው፤ ድምፅዋ ሆነ የሕፃን ልጅ።
«ስድስት ምሰሶ» አልኩ፤ «ሩጫ ነው፣ የእግር!»
ሳቀች። ሳቅሁ። ሳልሁም፣ መሃል ላይ ትንሽ ነገር።

ጫማውን በር ሥር ተውኩት፣ ጭቃው እዚያው ይድረቅ፤
ሐሙስ ሁለት ቀን ነው፤ ያን ያህልም አይርቅ።